ነፍሰ ጡር ሆኜ ድዴን ልነቀስ?

«እታለም፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ዕድሜዬ 24 ሲሆን የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ካረገዝሁ ወዲህ ጥርሴን በተፋቅሁ ቁጥር ድዴ ይደማል፤ አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ምራቄ ራሱ ቀይ ነው። አማቴ ከደጋ ዳሞት ሊጠይቁኝ መጥተው ይህንን ሲያዩ ‹ድድሽ ስላልተነቀሰ ነው፤ እኔ ከተነቀስሁ ወዲህ አንድ ቀን ደምቶብኝ አያውቅም› አሉኝና እጇ የተመሰገነ ነው ከሚሏት ነቃሽ ጋር ቀን ቆርጠዋል። እግረ መንገዷን አንገቴንም ብትነቅሰኝ ለክርስትናው እንደሚያምርብኝ ይነግሩኛል። የባለቤቴ እህት ደግሞ የገጠሩን ትተሽ ባሕር ዳር ሄደሽ በማሽን ተነቀሺ፣ እሱ ንጹሕ ነው ትለኛለች። በልጅነቴ ግንባሬ ላይ የተነቀስሁት መስቀልም አለኝ። ልነቀስ ወይስ ልተው? አማቴን ማስቀየም አልፈልግም።»

ውድ እህቴ፣ አትነቀሺ። ድድሽንም ሆነ አንገትሽን፣ በመርፌም ሆነ በማሽን፣ እስክትገላገዪ ድረስ አትነቀሺ። ግንባርሽ ላይ ያለው መስቀል ግን ቁስሉ ከዳነ ዓመታት ያለፉት ንቅሳት በመሆኑ ለጽንሱ አያሰጋውም። ያኔ በመርፌው የገባ በሽታ ይኖር እንደሆነም ዝቅ ብዬ የምነግርሽ የደም ምርመራ ይመልሰዋልና እሱን ከሐሳብሽ አውጪው።

ይህን የምለው ንቅሳትን የምንቅ ሆኜ አይደለም። እኔም ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ፣ ድዴም አንገቴም የተነቀሰ ሴት ነኝ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ ጎረቤታችን ሦስት የስፌት መርፌዎችን በክር አንድ ላይ ጠፍራ፣ ከኩራዝ የሰበሰበችውን ጥላሸት በሲኒ ስባሪ ላይ በጥብጣ፣ እናቴ ራሴን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ይዛልኝ ተነቀስሁ። መጀመሪያ የተነቀሰችው ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ቀጥላ የጎረቤት ልጅ፣ ሦስተኛ እኔ። መርፌዎቹ ያው ነበሩ፤ ሴትዮዋ አንዷን ጨርሳ ወደ ሌላዋ ስትሻገር አረቄ የነካ ጨርቅ ታሳልፍባቸው ነበር። ከንፈሬ አብጦ ሦስት ቀን ሙሉ አብሽ እየጠጣሁ ሰነበትሁ፤ ጥምቀት ሲደርስ ግን ጥርሴ በጠቆረው ድድ ላይ ወተት መስሎ ስለታየኝ ያለ ምክንያት ስስቅ ዋልሁ። ያንን ደስታ ዛሬም አልክደውም። በኋላ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ረጅም ዘመን ስሠራ ግን አዘውትሬ የማስታውሰው ጥርሴን ሳይሆን ከሦስት ሕፃናት አፍ የገባችውን ያቺን የመርፌ እስር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ድድሽ እንነጋገር። ድድሽ የሚደማው ስላልተነቀሰ ሳይሆን ስላረገዝሽ ነው። በእርግዝና ጊዜ በደም ውስጥ የሚበዙት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖች ወደ ድድ የሚሄደውን ደም ይጨምሩታል፣ ሥጋውንም ያሳብጡታል፤ በዚህም የተነሣ በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻና በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በሌላ ጊዜ ብዙም የማያስቆጡት ድድ በዚህ ወቅት በትንሽ ነገር ይቆጣል። ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ይታያል፣ እስከ ስምንተኛው ወር እየበረታ ይሄዳል፣ ከወሊድ በኋላም ሆርሞኑ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። በአንዳንዷ ሴት ላይ ደግሞ በሁለት ጥርሶች መካከል ቀይ፣ ሲነኳት የምትደማ ትንሽ እብጠት ትወጣለች፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ራሷ ትሟሽሻለች። እንዲህ በደም በተሞላ ድድ ላይ መርፌ መደርደር ምን ያህል እንደሚያደማ አንቺው ገምቺው።

አማትሽ ዋሽተውሻል አልልም። ነፍሰ ጡር ሳለች ድዷን የተነቀሰች ሴት ጥቂት ወራት ቆይታ ትወልዳለች፣ መድማቱም በወሊዱ ምክንያት ይቆማል፣ ምስጋናው ግን ለመርፌዋ ይሰጣል። በዚያ ላይ የጠቆረ ድድ መቅላቱ አይታይም፤ ስለዚህ ሕመሙ ቢኖር እንኳ ሴትዮዋም ሆነች የጥርስ ሐኪሙ ቶሎ አያዩትም። የቆሸሸ ጥርስ ያሳመመው ድድ በጥላሸት አይድንም፣ ይሸፈናል እንጂ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ጥቅም የለውም» ብዬ ባለፍሁ ነበር። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ንቅሳት ማለት ሥጋን ደጋግሞ ወግቶ ቀለሙን ከላይኛው ሽፋን ሥር ማስቀመጥ ስለሆነ መርፌዋ በእያንዳንዱ ምት ደም ትነካለች፤ በደም የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ እና ኤችአይቪም ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ የሚሻገሩበት መንገድ ይህ ነው። ከሦስቱ አብልጬ የምፈራው ሄፓታይተስ ቢን ነው። በአገራችን በሰፊው ያለ በሽታ ሲሆን፣ እኛ የወፍ በሽታ እያልን ዓይን ቢጫ ሲሆን ብቻ የሚታወቅ ይመስለናል እንጂ አብዛኛው ተሸካሚ ዓይኑም ነጭ፣ ሰውነቱም ጤነኛ ሆኖ ዓመታት ይኖራል። ቫይረሱ ከሰው አካል ውጭ፣ ለዓይን በማይታይ የደረቀ ደም ውስጥ፣ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል፤ ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ሴት የተነቀሰችበት መርፌ በዚህ ሐሙስ ላንቺ ሲመጣ በሽታውን እንደያዘ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ሰው ይህ ቫይረስ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ታግሎ ያስወጣዋል። በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የተቀበለው ሕፃን ግን ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ያህል ሥር ይሰድበትና ጎልማሳ ሲሆን ለጉበት ጥንካሬና ለጉበት ካንሰር ያጋልጠዋል። አንቺ ሳታውቂው ያለፈሽ ነገር በልጅሽ ላይ ዕድሜ ልክ ይቀራል ማለት ነው።

የኤችአይቪው ነገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትልሽ ተመርምረሽ ነፃ ነሽ ተብለሽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በአምስተኛው ወር በመርፌ ቢይዝሽ ግን ያ የምርመራ ወረቀት ያው «ነፃ» እንዳለ በካርድሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም አይጠረጥርም፤ አዲስ የገባ ቫይረስ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ እጅግ ስለሚበዛ ወደ ጽንሱ የመተላለፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሕክምና ካልተደረገ ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በምጥና በጡት የመተላለፉ ዕድል ከመቶ ከ15 እስከ 45 ይደርሳል፤ ታውቆ መድኃኒት ከተጀመረ ከመቶ ከ5 በታች ይወርዳል። ይህ ሁሉ ልዩነት የተንጠለጠለው በማወቅ ላይ ነው፣ በጓሮ የተደረገ ንቅሳት ደግሞ ማንም የማይመዘግበው ነገር ነው።

«በአረቄ አጥበነዋል» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፣ እኔም የተነቀስሁት በሱው ነውና። አረቄ ለቫይረሱ መሞቻ አይደለም፤ መርፌን በክብሪት መለብለብም፣ በፈላ ውኃ ነክሮ ማውጣትም አስተማማኝ አይደለም። በጤና ተቋም መሣሪያ የሚቀቀለው በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለ15 ደቂቃና ከዚያ በላይ በሚቆይ አውቶክሌቭ ነው፤ ለመርፌ ግን ከዚህም የሚሻለው አንዴ ተጠቅሞ መጣል ነው። ነቃሿ አዲስ መርፌ ከሱቅ ብትገዛ እንኳ የስፌት መርፌ ከፋብሪካ የሚወጣው ለጨርቅ እንጂ ለሥጋ ተብሎ አይደለም፤ ጥላሸቱ፣ ሲኒው፣ ጨርቁና ጣቷም አሉ። ከዚህ የሚመጣው ቁስል ሲያመረቅዝ ደግሞ ትኩሳት ያስከትላል፣ ከፍተኛ ትኩሳትም ለነፍሰ ጡር የማይበጅ ነገር ነው። ሰው በየቤቱ የሚያደርገውን እናውቃለን፤ ከሱቅ የተገዛ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል፣ አልፎም ይውጠዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው የእርግዝና ሦስት ወራት የተወሰደ ቴትራሳይክሊን በማኅፀን ውስጥ እየተሠሩ ያሉትን የልጁን ጥርሶች ለዘለቄታው ቢጫና ቡናማ ያደርጋቸዋል። የእናቱን ጥርስ ለማሳመር ተብሎ የልጁ ጥርስ ሲበላሽ አስቢው። መንጋጋ ቆልፍም በቆሸሸ መርፌ ይገባል፤ የቲታነስ ክትባትሽን ተከታትለሽ ካልጨረስሽ ይህን ሳምንት ሳታሳልፊ ጤና ጣቢያ ጠይቂ።

የባለቤትሽ እህት ያለችው ከፊሉ እውነት ነው። ከታሸገ ፓኬት የወጣ አዲስ መርፌ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚቀዳ ቀለምና አዲስ ጓንት የሚጠቀም ንቅሳት ቤት ከኩራዝ ጥላሸቱ በብዙ ይሻላል። ይሁን እንጂ ማሽኑ የሚፈታው የመርፌዋን ጥያቄ እንጂ የቀለሙን አይደለም። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት በገበያ ላይ ካሉ ቀለሞች 75 ናሙና መርምረው በ26ቱ ውስጥ ባክቴሪያ አግኝተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ ሊገቡ የሚችሉ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን ከልክሏል ወይም በመጠን ወስኗል፤ ከነዚህ መካከል ካንሰር የሚያስከትሉ የሚባሉና እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ይገኙበታል። ቀለሙ በገባበት ቦታ ብቻ አይቀመጥም፣ ከፊሉ በሰውነት ፈሳሽ ተወስዶ ወደ ንፍፊቶች ይገባል። ጽንሱን ይጎዳል ብሎ ያረጋገጠ ጥናት የለም፤ አይጎዳም ብሎ ያረጋገጠም የለም፣ ነፍሰ ጡርን ነቅሶ የሚሞክር ተመራማሪ አይኖርምና። ጥንቁቅ የንቅሳት ባለሙያዎች ነፍሰ ጡርን የሚመልሱትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሆድሽን እያየ እሺ የሚልሽ ካገኘሽ በሌላውም ነገር አትመኚው።

የአንገቱ ነገር ተጨማሪ ችግር አለው። በእርግዝና ጊዜ ቆዳ ቀለሙን ይለውጣል፤ ፊት ላይ ማዲያት ይወጣል፣ አንገትና ብብት ይጠቁራሉ፣ ከእንብርት ወደ ታች ጥቁር መስመር ይሰመራል። ዛሬ ያማረ የመሰለሽ ቅርጽ ከወለድሽ በኋላ ሌላ ሊመስል ይችላል፤ የንቅሳት ቁስል ጠባሳው እያበጠ የሚቀርባቸው ሴቶችም በአገራችን ጥቂት አይደሉም። (ሃይማኖቱን ለንስሐ አባትሽ እተዋለሁ። ዘሌዋውያን 19፥28 ገላችሁን አትንቀሱ ይላል፣ መስቀል በግንባር ላይ መነቀስ ደግሞ የእናቶቻችን ልማድ ነው እያሉ ቀሳውስት ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ነገር ስለ መርፌዋ ብቻ ነው።)

እንግዲህ ድድሽ እየደማ ዝም በዪ አልልሽም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛትሽ በፊት፣ ፀጉሩ ለስላሳ በሆነ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ጥርስሽን አጽጂ። ስለሚደማ ብለሽ አትተዪው፤ ቆሻሻው በቆየ ቁጥር መድማቱ ይብሳል፣ በየቀኑ በለዘብታ ከጸዳ ግን በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲቀንስ ታዪዋለሽ። የወይራ መፋቂያ የለመድሽ እንደሆነ ጫፉን በደንብ አኝከሽ አለስልሺና ከድድ ወደ ጥርስ እየሳብሽ ተጠቀሚበት፤ ወደ ጎን እየፈተጉ ድድን ማቁሰል ነው መጥፎው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪና ትፊው። የማስመለስ ችግር ካለብሽ አስመልሶሽ እንዳበቃ ወዲያው አትቦርሺ፤ አሲዱ ጥርሱን አለስልሶታልና በውኃ ተጉመጥምጠሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዪ። ብርቱካን፣ ጎመንና ቃሪያ ከማዕድሽ አይጥፉ። የተሰጠሽን የአይረን ፎሊክ ክኒን ሳታቋርጪ ውሰጂ፤ ክኒኑ ድድሽን አያደርቅልሽም፣ ነገር ግን ደም ማነስ ያለባት ሴት በምጥ ጊዜ የሚፈሰውን ደም አትችለውም።

የጥርስ ክፍል ያለው ሆስፒታል መድረስ ከቻልሽ ጥርስሽን በባለሙያ አስጠርጊ። ነፍሰ ጡር ጥርስ አትታከምም የሚባለው ስሕተት ነው፤ ጥርስን ማስጠረግም ሆነ ለሕመሙ የሚሰጠው የማደንዘዣ መርፌ በእርግዝና ጊዜ የሚቻል ሲሆን ከሁሉ የሚመቸውም አሁን ያለሽበት የመካከለኛው ሦስት ወር ነው። እርጉዝ መሆንሽን ግን ገና ስትገቢ ንገሪያቸው። ድዱ መግል ከያዘ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ደሙ ሳትነኪው የሚፈስና በሌላ አካልሽም ላይ የሚታይ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። አፍንጫሽም የሚደማ፣ ቆዳሽም ያለ ምክንያት የሚበልዝ ከሆነ ነገሩ የድድ ብቻ ላይሆን ይችላል።

አማትሽን በተመለከተ፣ «ሐኪም ከለከለኝ» ብለሽ ብቻ ብትመልሻቸው «እኛ ስንቱን ያለ ሐኪም ወለድነው» ይሉሻል፣ ልክም ናቸው። እኔ ብሆን ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዣቸው እሄዳለሁ። አዋላጇ ደምሽን ስትቀዳ፣ የልጁን የልብ ምት ስታሰማቸው፣ «እናቴ፣ ይህ ልጅ እስኪወጣ መርፌ አይነካት» ብትላቸው ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ይቀበሉታል፤ በዘመኔ ምራታቸውን ሊነቅሱ ቀን ቆርጠው የነበሩ አንዲት እናት የልብ ምቱን ከሰሙ በኋላ ነቃሿን ራሳቸው ሲመልሱ አይቻለሁ። ባልሽም ዝም ብሎ ከመካከል አይቁም፤ እናቱ ናቸውና «ቀኑን እኔ ነኝ ያራዘምሁት» ብሎ ወቀሳውን ይሸከም። ደግሞም ጨርሶ አትከልክያቸው፣ ሌላ ነገር ስጫቸው፦ እንሶስላ ያዘጋጁልሽ። እጅና እግርሽን በእንሶስላ ቢያሞቁልሽ ቆዳ አይበሳም፣ ደም አይነካም፣ ክርስትናው ላይም ያምርብሻል፣ እሳቸውም ምራታቸውን ያስጌጡ እናት ይሆናሉ። ከገበያ በሚሸጠው ጥቁር ሂና ግን አትለውጪው፤ በውስጡ የሚቀላቀለው የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል ቆዳን ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል።

ከወለድሽ በኋላ ልቀጥልበት ካልሽ ምርጫው ያንቺ ነው፤ በምታጠቢበት ጊዜ የሚገባ ኤችአይቪ በጡት ወተት እንደሚያልፍ ግን አስቢና ቢያንስ ልጅሽ ጡት እስኪተው ታገሺ። ከዚያ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርገሽ ነፃ ከሆንሽ ክትባቱን ውሰጂ።

ቀኑ ተቆርጦ ነበርና ይህ መልስ ሳይደርስሽ ተነቅሰሽ ከሆነ አትደናገጪ፣ አትደብቂውም። ከተነቀስሽ 72 ሰዓት ካልሞላው ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂና ከሌላ ሰው ጋር በተጋራሽው መርፌ እንደተወጋሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በእርግዝና ጊዜ የሚሰጥ ሆኖ በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ይመረጣል። ጊዜው ካለፈም ለአዋላጅሽ ንገሪያትና የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርጊ፤ ከተነቀስሽ ከሦስት ወር በኋላም ድገሚው፣ የዛሬው ውጤት አዲስ የገባን ነገር ላያሳይ ይችላልና። አምስተኛ ወር ላይ ስለሆንሽ ሁለተኛው ምርመራ ከመውለድሽ በፊት ይደርሳል። ሄፓታይተስ ቢ ቢገኝብሽ እንኳ ልጅሽ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት እንዲያገኝ አስቀድመሽ የምትወልጂበትን ቦታ ከአዋላጅሽ ጋር ተነጋግረሽ ወስኚ፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው መደበኛ ክትባት ለብቻው ለእንዲህ ያለው ልጅ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃሻል፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትዋጪ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።